ዘይት የተቀባችው ጀልባ

ጋዲሳ ባህር ያየው በሠላሳ ዓመቱ ነው፤ እሱንም በአውሮፕላን መስኮት። እንዲህ ያለ ሰው ጀልባ ገዛ ሲባል ሜልቦርን ታርኔት ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቹ በሳቅ ፈረሱ። የተከራየውን ቤት ለቆ ጀልባው ላይ ሊኖር ነው ሲባል ግን የሚስቅ ጠፋ። ሚስቱ ሲፋን ከመጀመሪያውም አልሳቀችም።

ጀልባዋ ባለሸራ ናት፤ አሮጌ፣ ዊሊያምስታውን በሚባል የባህር ዳር ሰፈር አንድ የጀልባ መጠገኛ ግቢ ውስጥ በብረት ድጋፎች ላይ ቆማ የተረሳች። ጋዲሳ ከአውቶቡስ ሹፌርነት ሥራው ሲመለስ ይፍቃታል፣ ይበሳታል፣ ይቀባታል። ሲመሽ ሁለቱም በመሰላል ወጥተው ሆዷ ውስጥ ይተኛሉ። ነፋስ መጥቶ ድጋፎቹ በተንገጫገጩ ቁጥር ሲፋን ብርድ ልብሷን እንደያዘች ብድግ ትላለች። መሬት ላይ እንዲህ የሆነች ጀልባ ውሃ ላይ ምን ልትሆን ነው?

«ካልተጸለየባት ውሃ ላይ አልከተልህም» አለችው አንድ ቀን። ጋዲሳ ምን ቸገረው፣ እሺ አለ።

ጸሎቱ የተያዘው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። በዚያው ቀን ደግሞ ጋዲሳ ከጀልባዋ ሥር የበሰበሰውን ቆርጦ ያወጣበትን ቦታ ሊለጥፍ አስቧል። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ፍቆ አጽድቶታል። ሙጫው ዛሬ ካልተለጠፈ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ደርቆ አይጠነክርም፤ ያን ቀን ደግሞ ክሬኑ መጥቶ ወደ ውሃ ያወርዳታል። «እጅሽን እንዳታስነኪው» እያለ ሲፋንን ስንቴ አስጠንቅቋታል። «ላብ እንኳ ካለ ሙጫው አይዝም።»

የቤተክርስቲያናቸው ሰዎች መጡ። ጸሎቱን የሚመሩት እትዬ ውባንቺ ጀልባዋን ዞረው አዩና፣ «የታመመችው የት ላይ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሲፋን በየዋህነት ጎንበስ ብላ አሳየቻቸው። እትዬ ውባንቺም ቦርሳቸውን ከፍተው የዘይት ጠርሙስ አወጡ።

ጋዲሳ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደና ቆመ። እንዴት ብሎ ያስቁማቸው? እጃቸውን ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንባቸው እየወረደ ነው። «ዘይትዎ ጀልባዬን ያሰምጣታል» ይባላል? እትዬ ውባንቺ እንደሆኑ በዘይት አይሰስቱም፤ በመዳፋቸው ግራ ቀኝ አሹት። ሁሉም «አሜን!» ሲል ጋዲሳ አሜን ማለቱን ትቶ በዘይት የሚያብረቀርቀውን ቦታ ያያል።

ከዚያ ሻይ ተቀዳ፣ ጨዋታ ደራ። የሜልቦርን ሰማይ እንደ ልማዱ ሐሳቡን ቀይሮ ይጠቁር ጀመር። ዝናቡ ከመጣ ነገሩ ሁሉ አበቃለት። ጋዲሳ ቅባት የሚያነሳውን አሴቶን ፍለጋ ሹልክ ብሎ ወደ ዕቃ ሳጥኑ ሄደ። የለም። ጨርቁም የለም። ሲፋን ብታየው ምን ይላታል? አንቺ የለመንሽውን ጸሎት ልጠርገው ነው?

ተደብቆ በጀልባዋ ጀርባ ሲዞር ሲፋንን አገኛት። ተንበርክካ፣ ጨርቁን አሴቶን ነክራ፣ ትፈትጋለች።

«ዝም በል፣ ይሰሙናል» አለችው በሹክሹክታ። «ጸሎቱ የትም አይሄድም። ዘይቱን ነው የጠረግኩት።»

ጋዲሳ አጠገቧ ተንበረከከ። ዝናቡ ሳይደርስም ሙጫውን ለጠፈ፤ ይሁን እንጂ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም። ቅባቱ በደንብ ሳይለቅ ቀርቶ ቢሆንስ? ደግሞስ እግዚአብሔር ተቀይሞ ቢሆንስ? አንዱን ሲፈራ ሌላው ይመጣበታል፤ ውሃ ከገባባት ደግሞ የሚመለሱበት ቤት የለም።

ቅዳሜ ክሬኑ ጀልባዋን አንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ውሃው ላይ አስቀመጣት። እትዬ ውባንቺም ሊያዩ መጥተዋል። ጋዲሳ ሊወርድ ብሎ ጠርዙ ላይ ቆም አለ። ያቺ ውሃ ፈሪ ሲፋን ቀድማው ዘለለች፤ ወደ ውስጥ ገብታ ወለሉን ከፍታ በደረቷ ተኛችና መዳፏን የተለጠፈው ቦታ ላይ አደረገች። ቆየች። ጋዲሳ ከላይ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

«ደረቅ ነው!» አለች ከውስጥ። «ጋዲሳ፣ ደረቅ ነው!»

ጋዲሳ ባለበት ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፤ እንባው መጣ። እትዬ ውባንቺ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «አላልኳችሁም? ዘይቱ እኮ ነው!»

ሲፋን ከውስጥ ብቅ አለች፤ ባልና ሚስቱ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ በአንድ ድምፅ፣ «አሜን!» አሉ።