እናንተ ቅደሙ

ማስተርስ ለምን እንደምማር ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፤ «ራሴን ለማሳደግ ነው» እል ነበር። ውሸቴን ነው። ማስተርስ የፈለግሁት ከልጄ ጋር አንድ ቤት ለማደር ነው።

እኔ ቢቸና አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ ሞጣ ይሠራል። ልጃችን ጡት እንደጣለች ከአባቷና ከአያቷ ጋር ሞጣ ቀረች፤ ቢቸና ልጅ የሚይዝልኝ ዘመድ አልነበረኝም። ዝውውር በጠየቅሁ ቁጥር «ሞጣ ሞልቷል» እባላለሁ። አልፎ አልፎ ቦታ የሚገኘው መሰናዶ ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው፤ እዚያ ለመግባት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ግድ ነው። ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሞጣ ላይ የቅዳሜና እሁድ ማዕከል ከፍቶ በትምህርት አመራር ማስተርስ ሊያስተምር ነው ሲባል ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ ሆንኩ። ለልጄም ለትምህርቴም አንድ መንገድ ተገኘ ብዬ ደስታዬ ሌላ ነበር።

ዓርብ ዓርብ የመጨረሻዋን ክፍለ ጊዜ እንደጨረስኩ ጠመኔውን ከእጄ ሳላራግፍ መናኸሪያ እሮጣለሁ። የሞጣው መኪና ካልሞላ አይነሳም። ከተነሳም በኋላ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ይጭናል፣ ረዳቱ ከአንዷ ነጋዴ ጋር በዶሮ ይጨቃጨቃል። አቧራ ለብሼ ቤት ስደርስ ልጄ ተኝታለች። ጠዋት ከመንቃቷ በፊት ክፍል እገባለሁ፤ ማታ ስመለስም እንቅልፍ ወስዷታል። እሁድ ትምህርቱ ሲያልቅ የቢቸናው መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ይጠብቀኛል። ልጄን ላገኛት የጀመርኩት ትምህርት፣ ባለችኝ ሁለት ቀን እንኳ እንዳላያት አደረገኝ። አያቷን «እማ» ትላቸዋለች። እኔን «እቴቴ» ነው የምትለኝ፤ የአባቷ እህቶች የሚጠሩኝ እንዲያ ስለሆነ።

አማቴ ፊቴን አይተው «አይዞሽ ልጄ፣ ይህ ወረቀትሽ እስኪያልቅ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔም እንዲያ ነበር የማስበው። ሁለቱን ዓመት ኮርስ በዚች ተስፋ ገፋሁት።

ከዚያ ጥናታዊ ጽሑፍ መጣ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች የመጣን ስድስት መምህራን አንድ ወገን ሆነን ነበር፤ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ታላቃችን ከሞጣ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ከተማ የሚያስተምሩ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ለጥናታችን እያንዳንዳችን ገጠር ቀበሌ ወርደን፣ ቤት ለቤት ዞረን መጠይቅ ማስሞላት ነበረብን። ለአንድ ሰው፣ ያውም ሥራ ላለው ሰው፣ የማይሞከር ነገር ነው። ጋሼ ናቸው መላውን ያመጡት።

«አባቶቻችን ምን ያደርጉ ነበር?» አሉ። «ወንፈል አይደለም? ዛሬ ያንተን ማሳ አርሰን፣ ነገ የሱን እናርሳለን። እኛስ ለምን እንዲያ አንሠራውም? ስድስት ሆነን ከወረድን የአንዱ መጠይቅ በአራት ቅዳሜና እሁድ ያልቃል።»

ሁሉም ወደደው፤ እኔም ወደድኩት። ቀጥሎ የመጣው ማን ይቅደም የሚለው ነው። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «እህቴ፣ ካንቺ እንጀምር፤ ልጅሽን ጥለሽ የምትንከራተቺው አንቺ ነሽ» አሉ።

«ኧረ በሞቴ፣ እናንተ ቅደሙ!» አልኩ።

እኛ አገር ያደገ ሰው ይህ መልስ እንዳልሆነ ያውቃል። ምግብ ቀርቦ «ብዪ» ስትባል በመጀመሪያው ቃል እጇን የምትዘረጋ ሴት ማን አይቶ ያውቃል? «በልቼ ነው የመጣሁት» ትያለሽ። ባለቤቶቹ «አፈር ስሆን» ይላሉ። «ኧረ ጠግቤያለሁ» ትያለሽ። «እንግዲያው እኛም አንበላም» ይላሉ። ያኔ እየተግደረደርሽ ትቀርቢያለሽ። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲያ ነው። እኔም «እናንተ ቅደሙ» ብዬ «አይሆንም!» እስክባል ቁጭ አልኩ።

ጋሼ «እግዜር ይስጥሽ፣ ባለጌ አላሳደገሽም» አሉና የራሳቸውን ቀበሌ መጀመሪያ ላይ ጻፉ። ሌሎቹም በዕድሜ ተከተሉ። መጨረሻዋ እኔ ሆንኩ።

ምን ልበል? «የምሬን አልነበረም» አይባል። ስንት ኮርስ ስለ ውሳኔ አሰጣጥ ተምሬ፣ «እሺ፣ እኔ ልቅደም» ማለት አቃተኝ።

በጥር ጀመርን። ገበሬ ቤቱ የሚገኘው በሰንበትና በበዓል ነውና፣ ከቅዳሴ መውጫ እየጠበቅን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንይዛቸዋለን። ጥሩ ጠያቂ ሆኜ ተገኘሁ። ሴቶቹ ለወንዶቹ የማይነግሩትን ለእኔ ይነግሩኛል፤ ስለዚህ ለባልደረቦቼ ሁሉ የሴቶቹን መጠይቅ የምሞላው እኔ ነኝ። አንዲት አሮጊት ለጋሼ ጥናት ስጠይቃቸው ቆዩና በተራቸው ጠየቁኝ።

«አንቺስ ልጅ አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ዛሬ ሰንበት አይደል? ከማን ጋር ዋለች?»

ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። የእሳቸው ልጆች ለምን ትምህርት እንዳቋረጡ የሚለው ነበር።

የአምስቱ ሲያልቅ ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጣለ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ገበሬውም ወደ እርሻው ገባ። «ያንቺን ለመስከረም፤ አደይ ሲፈነዳ እንወጣለን» ተባባልን። በወንፈል የመጨረሻው ማሳ ዝናብ ያመልጠዋል ሲባል ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም እንጂ።

በዚያ ክረምት አገሩ ተረበሸ። መስከረም ሲጠባ መንገዱ አንድ ሳምንት ይዘጋል፣ አንድ ሳምንት ይከፈታል። ቀጥሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስድስት ሰው ወረቀት ይዞ ገጠር መውረድ ቀርቶ፣ ሦስት ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ማውራት ያስፈራ ጀመር።

ለባልደረቦቼ ደወልኩ። አንዳቸውም እንቢ አላሉኝም። የኛ ሰው እንቢ አይልም። አንዱ «ምዕራፍ አራትን ልጨርስና» አለኝ፤ አንዱ ሚስቱ ልትወልድ ነው፤ አንዱ ስልኩን አያነሳም። ጋሼ «እህቴ፣ ቃሌ ቃል ነው፤ መንገዱ ትንሽ ይረጋጋ» አሉኝ። መንገዱ ሲረጋጋ የአምስቱም ጽሑፍ ወደ ማለቁ ነበር፤ የእኔ ገና ባዶ መጠይቅ ነው።

ብቻዬን ወረድኩ። የቀበሌው ሚሊሻ «ይህን የምትጽፊው ለማን ነው?» ብሎ ወረቀቴን ሰበሰበብኝ። የማዕከሉን ደብዳቤ አሳየሁት፤ ገለባብጦ አየውና እሱንም ጨመረው። ከስንት ምልልስ በኋላ ቢመልሱልኝም የሚሞላልኝ ጠፋ። አምና በየቀበሌው ጠላ ቀድተው ልባቸውን እንደሰጡኝ ያሉ ሰዎች ዘንድሮ ከደጅ አቆሙኝ። «ከዚህ ቤት ትምህርት ያቋረጠ ልጅ አለ?» ስል «ማንም አላቋረጠ፤ ሁሉም ደኅና ነው» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንዲያ ነበር የምለው።

በዚህ መሐል አማካሪዬ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዱ። የተተኩት ርዕሱን ቀይሪ አሉኝ። ማዕከሉም ይዘጋል፣ ያልጨረሰ ወደ ዋናው ግቢ ሄዶ እንደ አዲስ ይመዝገብ ተባለ። ባለቤቴ ዝምተኛ ነው፤ አንድ እሁድ መኪና ሊያሳፍረኝ ሲሸኘኝ «ይቅርብሽ በቃ» አለኝ። ትምህርቱን ማለቱ ነበር። እኔ ግን መንገድ ላይ ጮህኩበት፤ «ምኑ ነው የሚቀርብኝ? ልጄ ናት ወይስ ወረቀቱ?» አልኩት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ቦርሳዬን አቀብሎኝ ሄደ።

ፋሲካ አልፎ ሞጣ መሰናዶ አንድ ክፍት ቦታ አወጣ። አንድ ብቻ። ያገኙት ጽሑፋቸውን አቅርበው ያለፉት ጋሼ ናቸው።

ራሳቸው ናቸው ደውለው የነገሩኝ። «ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው እህቴ» አሉ። እሳቸው ያሉበት ከተማ ትምህርቱ አሥረኛ ላይ ያበቃል፤ ልጆቻቸውን ወደ ሞጣ ማምጣት ይፈልጉ እንደነበር ድሮም አውቃለሁ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ! ረግሜ ይወጣልኝ ነበር። «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሰው እያየኝ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

የምርቃታቸው ድግስ የሰኔ ጾም ከተፈታ በኋላ ሆነ። አልሄድም ብዬ ነበር። አማቴ «ምቀኝነት ይመስልብሻል» አሉኝና ልጄን አልብሰው ከእኔ ጋር ላኳት። ድንኳኑ ውስጥ ወጡ በየድስቱ ተደርድሯል፤ ሰው ሳህን ይዞ ይሰለፋል። ጋሼ ከሩቅ አይተውኝ መጡና እጄን ይዘው ከሰልፉ ፊት አቆሙኝ።

«ይቺ ባትኖር እኔ አልመረቅም ነበር!» አሉ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ። «እህቴ፣ ዛሬ አንቺ ቅደሚ!»

አራቱም ባልደረቦቼ እዚያው ነበሩ። «ቅደሚ እንጂ!» «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» ይሉኛል። ገና እንቢ ሳልል። ለወጥ ሲሆን ሁሉም መለመን ያውቃል።

በመጀመሪያው ቃል ሳህኑን አነሳሁ። በሕይወቴ እንዲያ አድርጌ አላውቅም። ከኋላዬ የነበሩት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ይተያዩ ብዬ እንጀራ አነሳሁ።

ልጄ ቀሚሴን ሳብ አደረገችኝ። «እቴቴ» አለች በሹክሹክታ፣ አፍራ። «እማ ‹ሰው ይቅደም› ብላለች። መጀመሪያ እንቢ ነው የሚባለው።»

«ዝም ብለሽ ሳህን ያዢ» አልኳት።

አልያዘችም። እጄን ለቀቀችና ሄዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች።