ብሎን የተረጎመው ፊልም

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ «ብሎን» ይለው ነበር፤ ኪሱ ብሎን አጥቶ አያውቅምና። ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። ገና ተለማማጅ ሳለ ቤት ይዞት ከመጣው የተበላሸ የቪዲዮ ዴክ ውስጥ አንድ ካሴት ወጣ። የዴኩ ባለቤትም «ልጆቹ ይዩት» ብሎ ካሴቱን ተወለት። በጠፈር መርከብ ላይ ስለሚሠራ የብረት ሰው የሚተርክ ፊልም ነው። ቋንቋው ለሁላችንም ባዳ ነበር። ብሎን ግን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ፣ ሳይደናቀፍ ይተረጉምልን ነበር።

«ጋሼ፣ ቋንቋውን የት ተማርከው?»

«የፍሪጅ መመሪያ እያነበብኩ» ይላል፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ከመንፈቅ በፊት ሞተ። ሕመሙ ከጀመረው ከርሞ ነበር። ለእናታችን ግን «ሥራ በዝቶ ነው የከሳሁት» እያላት፣ ወገቡን ይዞ የሰው ፍሪጅ እየገፋ፣ አልጋ እስኪይዝ ደበቃት። «ምን ብበድለው ነው ያልነገረኝ?» ትለኛለች፣ ጠዋት ሻይ ስቀዳላት፣ ማታ ብርድ ልብስ ስደርብላት። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ ባልደረቦቼ «ይቺ ሰነድ ካላየች እላይዋ ላይ የሚዘንበውንም ዝናብ አታምንም» ይሉኛል። ለእናቴ ጥያቄ ግን የማወጣው ሰነድ የለኝም።

አንድ እሑድ ከሰዓት «እስቲ ያን የብረት ሰው አሳዪኝ» አለችኝ። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አገኘሁትና ኮምፒዩተሬን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩላት። ቋንቋውን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። የመርከቡ ግድግዳ ቀለም የተቀባ ካርቶን ነው። የብረቱ ሰው በተራመደ ቁጥር ጉልበቱ ላይ ጨርቅ ይታያል። ያን ሁሉ ዓመት በልቤ ያኖርኩት ይህን ነው? ድካም ተሰማኝ።

«አሁን ምን አለ?»

«‹የግራው ሞተር ግሏል› አለ።»

«ወግጂ! እዚህ ጋ ‹ምሳዬን ማን በላብኝ?› ነው የሚለው።»

«እማዬ፣ ፊልሙ የሚለው ይሄንን ነው።»

«ፊልሙ ምን ያውቃል! ጓዳ ልብስ ስተኩስ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ይልቅ ድምፁን ዝጊልኝ።»

ዘጋሁት። ቀጠለች። ቀልዱን፣ ስድቡን፣ የብሎንን ሳል ሳይቀር አንድም ሳታስቀር ተናገረችው። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

መጨረሻው ደረሰ። መርከቡ ተቀድዷል። ውስጡ የተኙት ሰዎች እንዲተርፉ የብረቱ ሰው ወጥቶ በሩን ከውጭ ይዘጋል። ከሥር በፊልሙ ቋንቋ የተጻፈው «በሩ ተዘግቷል» የሚል ብቻ ነው።

«‹ለእማዬ እንዳትነግሯት›» አለች እናቴ፣ በልጇ አነጋገር፤ «‹እንቅልፍ ታጣለች።›»

ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። የብረቱ ሰው ጨለማው ውስጥ እየራቀ እየራቀ ሄደ።

«እንዲህ ነበር ያለው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አዎ፣ እማዬ። እንዲህ ነበር ያለው።»

ስክሪኑ እስኪጠቁር ዓይኗን አልነቀለችም።

«አይ የኔ ሞኝ» አለች። «ታዲያ አሁን ተኛሁ?»