መርዝ ካልሆነ ቅመሺው

ይህ የደረሰብኝ ጦርነቱ ወደ ወሎ በተጠጋበት ዓመት፣ በነሐሴ ወር ነው። ዛሬም ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ቶሎ የማልመልሰው ከዚያ ቀን የተነሳ ነው።

የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። በዩኒቨርሲቲ የማጠናው በጥንት ሰዎች የደረቀ ሰገራ ውስጥ የቀረውን ዲኤንኤ ነው። ሰውየው ምን በልቶ እንደነበር፣ የትኛው የሆድ ትል ያሠቃየው እንደነበር ከዚያ ይታወቃል። በአምባሰል አንድ ደረቅ ዋሻ ውስጥ ከጥናት ጓደኞቼ ጋር ሦስት ሳምንት ቆፈርን። ዋሻው ያለው የአባቴ የልጅነት ጓደኛ በሆኑት በጋሼ ይማም መሬት ላይ ነው። ትንፋሻችን ናሙናውን እንዳያበላሸው አፋችንን ሸፍነን፣ ጓንት አጥልቀን ስንሠራ አጠገባችን ተቀምጠው "ሱብሃነላህ፣ ይሄም ወግ ደርሶት በጓንት ይያዝ" እያሉ ይስቁ ነበር።

ጦርነቱ ሲቃረብ ጓደኞቼ ወደ አዲስ አበባ ወጡ። እኔ ግን የአገሩ ልጅ ነኝ ብዬ፣ የቀረውን ናሙና ልሰብስብ ብዬ ቀረሁ። ከአራት ቀን በኋላ አሥራ ሁለት ብልቃጥ በበረዶ ሳጥን ይዤ ከውጫሌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጋሼ ይማምም ለገበያ ወደ ሐይቅ ስለሚወርዱ አብረን ነበርን።

ሐይቅ መግቢያ ላይ ኬላ ነበር። ሁላችንም ወረድን። ሳጥኑን የከፈተው ሚሊሻ አለቃውን ጠራ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለኝ አለቃው።

"የጥንት ሰዎች ሰገራ ነው። ለምርምር ነው።"

"ትቀልጃለሽ?"

የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ ሰጠሁት። አየት አደረገና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"ማህተም ዛሬ ማንም ያስቀርጻል። ሐይቁን ልትመርዢ ነው የመጣሽው?"

መርዝ የሚለውን ሲሰማ ተሳፋሪው ሁሉ ከአጠገቤ ሸሸ። አንዲት ሴት ከኋላ "ምን ትጠብቃላችሁ፣ ውሰዷት" አለች። መንገዱን ሙሉ ልጇን ያቀፍኩላት እኔ ነበርኩ።

"እሳቸውን ጠይቃቸው፣ ዋሻው የሳቸው ነው" አልኩ ወደ ጋሼ ይማም እያመለከትኩ።

አለቃው ዞረ። "አባባ፣ ያውቋታል?"

ጋሼ ይማም መሬት መሬቱን እያዩ "መኪናው ውስጥ ነው ያየኋት" አሉ።

አለቃው ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እየከፈተ በባዶ እጁ ነካካ፣ አሸተተ፣ ለጓደኞቹም አቀበለ። ዘጠኙን ከፍተው ሲጨርሱ አንዱን ወደ እኔ ዘረጋው።

"መርዝ ካልሆነ ቅመሺው።"

ጣቴን በምራቄ አርሼ ነከርኩና ምላሴ ላይ አደረግኩት። አፈር አፈር ይላል። "ዋጪው" አለኝ። ዋጥኩት። የሳቀ ሰው አልነበረም። ድንጋይ ላይ አስቀምጠው እሞት እንደሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቁኝ። ምንም ሳልሆን ስቀር አለቃው ደብዳቤዬን መለሰልኝና "ሂጂ፣ ሁለተኛ በዚህ እንዳላይሽ" አለኝ። ሚኒባሱ ጋሼ ይማምን ይዞ ሄዷል። ሳጥኔን ተሸክሜ፣ ዝናብ እየመታኝ በእግሬ ቤቴ ገባሁ።

የተከፈቱት ብልቃጦች ለምንም አልሆኑም። ላብራቶሪ ሲገቡ የዛሬ ሰዎች ዲኤንኤ ብቻ ወጣባቸው። ከቀሩት ከሦስቱ ግን ገብስ የበላ፣ የሆድ ትል የነበረበት ሰው ተገኘ። በእሱ ተመረቅኩ። የምረቃዬ ዕለት ምግብ አልበላ ብሎኝ ዋለ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ጋሼ ይማም ቤታችን መጡ። በዚያ ሰሞን ከእንግዳ ጋር የታየ ሁሉ ይያዝ እንደነበር፣ እሳቸውም ከእኛ ጋር በመዋላቸው ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ጊዜ ተጠርተው እንደተመረመሩ ነገሩኝ።

"ፈርቼ ነው ልጄ። ለአላህ ብለሽ አውፍ በይኝ" አሉ።

አባቴ ይቅር በያቸው ብሎ በዓይኑ ለመነኝ። አንገቴን በእሺታ ነቀነቅኩ እንጂ አውፍ አላልኳቸውም።

አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እላቸዋለሁ። ቤታቸው ግን አልሄድም። መፍራታቸውን አምናለሁ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን አላውቃትም ብለው አለፉ፣ እኔ ቀመስኩት።