ሦስተኛዋ ዘፈን

እኔ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፣ ከዛ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የዘፈን ስም ብቻ ነው። ሥራዬ እሱ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተሬን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ሰው ፍላሽ ወይ ሚሞሪ ሲያመጣልኝ ዘፈን እጭንለታለሁ። አጻጻፌ ቢንገዳገድ ታገሱኝ።

ልጁን ያወቅኩት እህል ላስፈጭ ሄጄ ነው። ሚስቴን አሟት ስለነበር ስንዴውን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ወፍጮ ቤቱ ከሱቄ ጀርባ ነው። ከፀጉሩ እስከ ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ ሰው ማዳበሪያዬን ሊቀበለኝ ጎንበስ ሲል ሽማግሌ መስሎኝ፣ "ኧረ አባቴ፣ ወገብዎን!" ብዬ ጮህኩ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

"ሽበቶ እኮ ነው! ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው" አለችኝ አንዷ በጆሮዬ።

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው ሽበቶ ብሎ ነው። እሱም ስቆ ራሱን ሲያራግፈው ጥቁር ፀጉሩ ብቅ አለ።

በሳምንቱ ሱቄ መጣ። በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያራግፋል እንጂ አይገባም።

"ምን ላድርግልህ?"

"ጋሼ፣ ዘፈን ነበረኝ።"

"የማን?"

"የራሴ።"

እንዲህ ብሎ የሚመጣ ልጅ ብዙ ነው። በሆዴ፣ መጣ ደግሞ ሌላው፣ አልኩ። ከፍቼ ስሰማው ግን እስከ መጨረሻው አደመጥኩት። ግጥሙ ስለ ሟች እናቱ ነው። መልኳ ትዝ ይለዋል፣ ድምፅዋ ግን ጠፍቶበታል፣ እሱን ይፈልጋል። ድምፁ ደግሞ ጥርት ያለ፣ ሲወጣ የማይሰበር።

"የት ስቱዲዮ ነው የቀዳኸው?"

"ወፍጮ ቤት።"

እሁድ ሞተሩ ዝም ሲል እህል የሞሉትን ማዳበሪያዎች ዙሪያውን ይከምርና መሐላቸው ይቀመጣል። ስልኩን ሚዛኑ ላይ ያቆማል። ማዳበሪያው ድምፅ ስለሚውጥ አያስተጋባም። ያስቸገረው ጣሪያው ነው። ፀሐይ ስትበረታ ቆርቆሮው ይንጣጣል።

"ሁለተኛው አዝማች ላይ ጧ ይላል፣ ሰምተኸዋል ጋሼ? ስድስት እሁድ ሞከርኩ፣ አልለቀኝም።"

"እኔማ ከበሮ መስሎኝ!" አልኩት። ሳቅን።

ከዛ ሳቁን ተወና ነገሩን ነገረኝ። ሐኪም ሳንባህ ተጎድቷል፣ ከዱቄት ራቅ ብሎታል። የሚኖረው ታላቅ እህቱ ጋ ነው፣ እትዬ ነው የሚላት። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ እሷም ሁለት ልጆቿም በእሱ እጅ ናቸው።

"ይሄ ዘፈን ካላወጣኝ እዛው ነኝ ጋሼ" አለኝ።

እኔ ደግሞ ደንበኞቼን አውቃለሁ። የማያውቁት ስም ካዩ ሳይሰሙ ነው የሚያጠፉት። ስለዚህ አንድ መላ አመጣሁ። "ስምህን አንጻፈው። ከሁለት ታዋቂ ዘፈኖች ቀጥሎ ለሁሉም ሰው ሦስተኛ ላይ እጭነዋለሁ። ጆሮ ሲለምደው ያኔ ስምህን እንጽፋለን" አልኩት።

"አንተ ካልክ እሺ" አለኝ።

በሁለት ወር ውስጥ ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ በየሄድኩበት ይሰማ ጀመር። ደንበኛዬ የሆነ አንድ ለፍላፊ የታክሲ ሹፌር መጣ። "ስማ፣ ያቺን ሦስተኛዋን በሌላ ፍላሽ ድገምልኝ! ረዳቴ እሷን ካልከፈትኩለት በር አልዘጋም ብሏል።"

"የማን ትመስልሃለች?" አልኩት።

"ምን ጥያቄ ነው!" ብሎ የአንድ ትልቅ ዘፋኝ ስም ጠራ። እኔም ሳቅሁና የማን እንደሆነች አልነገርኩትም። ትንሽ ደግሞ ትሰንብት፣ ትልመድ ብዬ። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው።

እኔ ሳሰነብት ወፍጮ ቤት አብሮት የሚሠራው ሰው ለቀቀና ሽበቶ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሆነ። ሞተሩ ሲጠፋ ሳሉ ሱቄ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ስልኩም ዱቄት ገብቶበት ሞተ፣ የሱ ለመሆኑ ማስረጃ የነበረው የስድስቱ እሁድ ቅጂ አብሮት ጠፋ።

በአምስተኛው ወር ዘፈኑ ላይ ስሙን ጻፍኩ። ሁለት ቀን አልቆየም፣ ሹፌሩ በሩን በርግዶ ገባ።

"ማነው ይሄ ሌባ? በሰው ዘፈን ላይ ስሙን የለጠፈው!"

"ሌባ አይደለም፣ ባለቤቱ ነው። ሽበቶ ነው፣ የወፍጮ ቤቱ።"

"ሽበቶ? ያ ዱቄታም? በል እሺ። እዚህ ሆቴል የሚጫወተው የሙዚቃ ባንድ ዘፋኙ ለቆበታል፣ የባንዱ አለቃ ጓደኛዬ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣና ይዝፈናት። ከዘፈናት ሥራው የሱ ነው፣ እኔም እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ቅዳሜ እትዬ ሸሚዙን አጥባ ተኩሳ አለበሰችው። ሦስታችንም ሄድን። ባንዱ ጀመረ። ሽበቶ የመጀመሪያውን ስንኝ በሻካራ ድምፅ አወጣው። ዜማው ከፍ የሚልበት ጋ ሲደርስ አፉ ተከፍቶ ቀረ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሳል ያዘው። ውኃ ሰጡት፣ ደገመ። ያው።

"ተው ወንድሜ፣ አታድርቀን" አለ ሹፌሩ።

ሽበቶ ማይኩን ሳይለቅ፣ "ሁለተኛው አዝማች ላይ ጧ የሚል አለ። እሱ ቆርቆሮ ነው። የኛ ጣሪያ ነው" አለ።

የባንዱ አለቃ ስልኩን ከፍቶ አሰማን። "ከበሮ ነው እኮ ይሄ" አለ። ሁሉም ከበሮ ነው አሉ።

እትዬ ተነሳች። "የሱ ነው! እቤቴ ስንቴ ዘፍኖታል!"

"እህቴ፣ እህት ለወንድሟ ሌላ ምን ትላለች?" አላት የባንዱ አለቃ።

እኔም ተነስቼ፣ ስሙን ሳልጽፍ የቀረሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሹፌሩ፣ "አንተማ ነጋዴ ነህ" አለኝ።

ሦስታችንም በእግር ተመለስን። ሱቄ በር ላይ ስንደርስ እትዬ እስክታልፍ ጠብቆ፣ "ጋሼ፣ ስሜን ሰርዘው። ሌባ ሲሉኝ እትዬ እንዳትሰማ" አለኝ። ገባሁና ሰረዝኩት። ሰኞ ወፍጮ ቤት ገባ።

ይሄ ከሆነ ዓመት አለፈው። ዘፈኑ አሁንም ታክሲ ውስጥ አለ። እሱም እዛው ነው፣ ከስቷል፣ ማዳበሪያ ሲያነሳ መሐል ላይ ቆሞ ያርፋል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ሂዱና ጠይቁት። እህል መያዝ አያስፈልግም። ስታዩት ሽማግሌ ይመስላችኋል፣ አይደለም። ማዳበሪያዎቹ መሐል አብራችሁት ቁጭ በሉና ትንሽ ዝም በሉ። ፀሐዩ ሲበረታ ጣሪያው ጧ ይላል። እስካሁን ከበሮ ነው ስትሉት የነበረው እሱ ነው።

ስሙን እኔ እዚህ አልጻፍኩትም፣ ሰርዘው ብሎኛልና። እናንተ ራሱን ጠይቁት፣ ሲነግራችሁም ስልካችሁ ላይ ሦስተኛዋ ዘፈን ጋ ጻፉት።