የቲቸር ወይንሸት ሽቦ

ባለፈው ወር ላፍቶ የሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በር ስከፍት የቅርንፉድ ሽታ ተቀበለኝ። ከሥሩ የላስቲክ ጓንትና የአልኮል ሽታ አለ። እግሬ ደፉ ላይ ቀረ። ስድስተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማረችን ቲቸር ወይንሸት፣ ከሐኪም ቤት ቀጥታ ክፍል የገባች ቀን ልክ እንደዚህ ነበር የምትሸተው።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ነበር የምንማረው። ቲቸር ወይንሸት ወደ አርባው የተጠጋች፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የጠመኔ ስብርባሪ የማይጠፋ ሴት ነበረች። የላይኛው ጥርሷ ገጣጣ ነው፤ ክራንቻዎቿም በሌሎቹ ላይ ተደርበው ወጥተዋል። ስትስቅ የሻሿን ጫፍ ሳብ አድርጋ አፏን ትሸፍናለች። ምንባብ ሲመጣ ደግሞ እሷ አታነብም፤ ወደ እኔ ትዞራለች።

“ተነሺ፣ ድምፄ” ትለኛለች።

ስሜን ትታ እንዲህ ነበር የምትጠራኝ። መጽሐፉን ይዤ ስነሳ ስድሳ ልጅ ጸጥ ይላል። ቤታችን ውስጥ አምስት ልጆች ነበርን፤ እኔን ለይቶ የሚሰማ ሰው ያገኘሁት እዚያ ክፍል ብቻ ነው።

ከመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ስንመለስ ቲቸር ወይንሸት ጥርሷን ሽቦ አሳስራ መጣች። ሻሿን አፏ ላይ ሳታደርግ ፊት ለፊታችን ቆማ ፈገግ አለች።

“ልጆች፣ ጥርሴን እያስተካከልኩ ነው። በልጅነቴ አልሆነልኝም፤ ትልቅ ሰውም ይችላል ሲሉኝ ጀመርኩት። ምላሴ እስኪለምድ ‘ሰ’ና ‘ዘ’ ያስቸግሩኛል፤ ታገሱኝ እሺ?”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንባቡን ራሷ ማንበብ ጀመረች። ‘ሰ’ ወደ ‘ሸ’፣ ‘ዘ’ ወደ ‘ዠ’ እየሄደባት፣ አንዳንዴ ቆም ብላ እየደገመች፣ ፊቷ እየበራ ታነባለች። እኔ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ተነሺ የሚለኝ ጠፋ። ቦታዬን የወሰደችብኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ጠመኔ ልታመጣ ወጣች። የማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት ጥርሴ ላይ ለጥፌ እሷ የምትቆምበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ተረት በሷ አፍ አነበብኩት፤

“ሸው ለሸው መድኃኒቱ ነው!”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ደገምኩት። ሦስተኛውን ልል ስል ሳቁ ድንገት ቀጥ አለ። ቲቸር ወይንሸት የጠመኔውን ካርቶን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማለች። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ሻሿ ጫፍ ሄደ።

“ተቀመጪ፣ ድምፄ” አለችኝ።

አልገረፈችኝም፤ እናቴንም አላስጠራችም። በማግስቱ “ተነሺ፣ አንብቢ” አለችኝ፤ አነበብኩ። ከዚያ ወዲያ እሷ ክፍል ውስጥ አንብባ አታውቅም። “ቲቸር ሸው” የሚለው ስም ግን ከክፍላችን ወጥቶ ታች ክፍሎች ደረሰ። አንድ ከሰዓት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ትንንሽ ልጆች ከኋላዋ ሲጮኹባት አየሁ። ሳትዞር ቆማለች። እኔ ከሰልፉ ወጥቼ በእግሬ ሄድኩ።

ፋሲካ ሳይደርስ ሽቦው ከአፏ ጠፋ። “አስፈታሁት፣ በቃኝ” ማለቷን ከሌላ አስተማሪ ሰማን። በጊዜው ቀለል አለኝ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

አሁን ግን ሀያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የራሴን ጥርስ ላስተካክል መጥቻለሁ። ወጣቷ ዶክተር ራጁን ወደ መብራቱ አነሳችው።

“ጥርሶችሽ ቦታ ጠቧቸዋል። ከላይ ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ ነቅለን፣ ሌሎቹን በሽቦ ቀስ እያልን ወደ ክፍተቱ እንስባቸዋለን። ከተጀመረ ግን መሀል ላይ ማቋረጥ የለም።”

“ቢቋረጥስ?”

“ክፍተቱ ይቀራላ! ጥርሱም ተነቅሏል፣ የተስተካከለም ነገር የለም።”

ያኔ ትዝ አለኝ። ሽቦው ከጠፋ በኋላ ቲቸር ወይንሸት ስታዛጋ በአፏ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቁር ክፍተቶች አይቼ ነበር፤ ምን እንደሆኑ አልገባኝም። ዶክተሯ የፈራሁ መስሏት “አይዞሽ፣ ይደነዝዛል፤ አያምሽም” አለችኝ። ውሃ ስጪኝ አልኳት።

በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ከተዛወረች ቆይታለች። የሰጡኝን ስልክ ደወልኩ፤ አይሠራም።

ቤት ገብቼ የስድስተኛ ክፍል ካርዴን ፈልጌ አገኘሁት። ጀርባው ላይ፣ የአስተማሪ አስተያየት በሚለው ቦታ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ “ድምጿ ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል። ማንበብ እንዳታቆም አደራ” ብላ ጽፋለች።

አላቆምኩም። ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው፤ ስቱዲዮ ገብቼ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍት በድምፅ አነባለሁ። ማን አስተማረሽ ሲሉኝ ስሟን እጠራለሁ። ይህን እስክጽፍ ድረስ ግን ቀሪውን ለማንም ነግሬ አላውቅም።