የኢቡ ሱላስትሪ ጾም

እታገኘሁ የሚግደረደር እንግዳ አትወድም። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ እንደ እሷ ምግብ ቤት ጠባብ የለም፤ እዚያ ገብቶ ሳይጎርስ የወጣ ሰውም የለም። «በሞቴ!» ካለች አለቀ፣ አፍን መክፈት ነው።

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ሙዳሲር የሚባል ሃውቶርን ከተማ የሚኖር ሐበሻ ሾፌር አንዲት ኢንዶኔዥያዊት የጃቫ ሴት አመጣላት። ኢቡ ሱላስትሪ ይሏቸዋል፤ ኢቡ በአገራቸው እትዬ እንደማለት ነው። ሥራቸው አካልና መንፈሳቸውን ማሳረፍ የሚፈልጉ ቱሪስቶችን ማዞር ነው። በእግር ያስኬዷቸዋል፣ ፕላስቲክ አያስነኳቸውም፣ የሰፈሩን ሰው ምግብ ያበሏቸዋል። የጃቫ አባቶችን ፍልስፍናም ያስተምሯቸዋል፦ አትቸኩል፣ ሰው አታሳፍር፣ በሰው ላይ የምታደርገውን አስቀድመህ በራስህ ለካ። የዚያን ቀን የመጡት ቤቱን ለማየት ብቻ ነበር።

ሙዳሲር ፓርኪንግ ፍለጋ ሲዞር እታገኘሁ በያይነቱ አቀረበች። ሴትዮዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ።

«ኖ፣ ታንክ ዩ።»

እታገኘሁ የሐበሻ መግደርደር መሰላት። «ኖ ኖ ማማ! በሞቴ!» ብላ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላም ደገመች። ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር ሚጥሚጣው ነው ብላ ሳቀች። እሳቸውም አመስግነው ወጡ።

ከሰዓት ሙዳሲር ደወለ።

«እትዬ እታገኘሁ፣ አጎረስሻቸው እንዴ? ሴትዮዋ እኮ ፋስት እያደረጉ ነው! ልጃቸው አገር ቤት ምጥ ጠንቶባት ሆስፒታል ገብታለች። እስክትገላገል ነጭ ሩዝና ውሃ ብቻ ብለው ተስለው ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«እንዳታፍሪ ነዋ።»

እታገኘሁ ግን አፈረች። ረቡዕና ዓርብ የሥጋ ቢላዋ እንኳ የማትነካ ሴት የእናት ስለት አስፈረሰች! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ይቅርታ ልትል ስልኩን አንስታ፣ ልጅቷ አንድ ነገር ሆና ቢሆንስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። እንዲህ እያለች ሰነበተች።

ሴትዮዋ ከእንግዶቻቸው ጋር ሲመጡ ኩሽና ተደበቀች። እሳቸው ግን ተከትለዋት ገቡ።

«ወንድ ልጅ ወለደች!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ሁለቱም ደህና ናቸው።»

እንኳን ማርያም ማረቻት ማለት ሲገባት እግራቸው ላይ ወደቀች። «ሶሪ ማማ፣ ጾምዎን አስፈታሁብዎ።»

ክንዷን ይዘው አነሷት።

«የምን ጾም? ምግብሽ ጣፍጦኝ ነበር» አሉና ወደ እንግዶቻቸው ተመለሱ።

ቢቆጧት ይወጣላት ነበር። ይቅር ቢሏትም ታለቅስና ይቀላት ነበር። ምንም አልተደረገም ካሉ፣ ያን ሁሉ ሐፍረት ለማን ትመልስ?