እሺ ብዬ የተቀመጥኩባት በቅሎ

ወጨጫን ከሰበታ በኩል ለሚወጣው ሰው ተራራው ክፉ አይደለም። በጥዱ መሐል እየተጠማዘዘ የሚወጣ የእግር መንገድ አለው፤ ደህና እግርና ደህና ጫማ ያለው ሰው ረፋድ ላይ አናቱ ላይ ይደርሳል። እኔ በዚያ ቅዳሜ ደህና እግር ነበረኝ። ጫማዬ ግን ከመርካቶ የገዛሁት፣ አፍንጫው የሾለ፣ ሶሉ እንደ ጣውላ አልታጠፍ ያለ አዲስ ጥቁር ጫማ ነበር። ከአዲስ አበባ ወጥቶ የሚመደብ አስተማሪ በአለባበሱ መከበር አለበት የሚል እምነት ነበረኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜዬ የእምነት እጥረት አልነበረብኝም።

ተራራውን የወጣሁት ለሽርሽር አልነበረም። ሰበታ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ ትምህርቷን ልታቋርጥ ነበር። ሒሳቡን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን በከንፈሯ ስትለው የማያት ልጅ ናት። አባቷ ሊድሯት ነው ተባለ። ወሬውን በሰማሁበት ቀን ቤታቸው ሄድኩ።

አባትየውን ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ፣ በኦሮምኛ አቶ፣ ነበር የሚላቸው፤ እኔም ኦቦ እላቸው ነበር። ከዘራቸውን አስደግፈው፣ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ሰሙኝ።

«ልጅዎ በጣም ጎበዝ ናት» አልኳቸው። «ብትማር የት በደረሰች!»

«የጋብቻውን ነገር የያዘችው እህቴ ናት» አሉኝ። «ከተራራው ማዶ ናት። ቅዳሜ ሄጄ ቁርጡን እነግራታለሁ። የምትለው ካለህ አብረን እንሂድ፤ መንገድ ላይ ትለኛለህ።»

እንግዲህ አንዲት ልጅ ትማር ወይም ትዳር የሚለው ነገር በእኔ ምላስና በአንድ ቀን መንገድ ላይ ወደቀ። ዓርብ ዕለት ንግግሬን እንደ ጥቅስ በቃሌ አጠናሁት፤ ጫማዬንም ቀለም ቀባሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ኮርቻ የተጫነች ቡላ በቅሎ እየሳቡ መጡ። እኔ በእግሬ ስለሆንኩ እሳቸውም በእግራቸው ጀመሩ። አብሮት የሚሄደው ሰው በእግሩ እየሄደ በቅሎ ላይ የሚቀመጥ በዚያ አገር ሰው አይባልም። የከተማውን ቤቶች አልፈን፣ ባሕር ዛፉን አልፈን፣ ጫካው አፍ ላይ ስንደርስ ግራ ተረከዜ ተላጠ። ቀኙ ብዙም ሳይቆይ ተከተለ።

የመጀመሪያው ዳገት ሥር ኦቦ ቆሙና በቅሎዋን ወደ እኔ አዞሩ።

«ያቢ፣ ባርሲሳ» አሉኝ። ባርሲሳ አስተማሪ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያቢ ማለት ውጣ፣ ተቀመጥ መሆኑን ደግሞ ከእጃቸው ተረዳሁ።

ብሉ ሲሉኝ «ኧረ ጠግቤያለሁ» ማለት፣ ዳቦውን ሲቆርሱልኝ ሦስት ጊዜ መግደርደር አውቅበታለሁ፤ እናቴ ቀጥታ አስተምራኛለች። ስለ በቅሎ ግን አልነገረችኝም፤ ጉለሌ ውስጥ በቅሎ አልነበረንም። ያን ዕለት መልሱን የሰጠው አፌ ሳይሆን ተረከዜ ነው።

«እሺ» አልኩ። «እግሬን ገደለኝ።»

ኦቦ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ እርካቡን ያዙልኝ።

ከበቅሎ ላይ ሆኖ ጫካ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ፀሐይዋ በጥዱ ቅርንጫፍ መሐል እየሾለከች መንገዱ ላይ ትወርዳለች። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን እያወዛወዙ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ፤ ምድሩ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኘን። «አካም ቡልተ» ብለው ከኦቦ ጋር ሰላምታ ጀመሩ፤ ከዚያ እኔን ኮርቻው ላይ አዩ፣ ኦቦን ልጓም ይዘው አዩ፣ ሰላምታውንም ሳይጨርሱ አለፉ። እኔ ባርኔጣዬን አንስቼ በክብር ሰላም አልኳቸው።

ኦቦ ዛፍ ይወዱ ነበር፤ ወይም እኔ እንደዚያ መሰለኝ። ትንሽ እንሄድና ይቆማሉ፤ ከዘራቸውን ተደግፈው «ይኼ ጋቲራ ነው፣ ጥድ ትሉታላችሁ» ይሉኛል። እንደገና ትንሽ እንሄድና ይቆማሉ። «ይኼ ሄጦ፣ ኮሶ የምትሉት ነው።» እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ከኮርቻው ላይ እየደገምኩ አጠናለሁ። ያጠናሁትን ንግግር ግን ለመጀመር በፈለግኩ ቁጥር አንድ ዛፍ ይቀድመኛል።

አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ሲደርሱ የዛፉን ስም አልነገሩኝም። ግንዱን ተደግፈው ጠየቁኝ።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት ያልከኝን ለስንት አባት ብለኸዋል?»

ንግግሬ ውስጥ ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረም። «ለሁሉም» አልኩ።

«ሁሉም ጎበዝ ናቸው?»

«አይደሉም። ከትምህርት እንዳያስቀሯቸው ብዬ ነው የምለው።»

«የኔዋስ?»

«የእርስዎዋ ከእኔ ትበልጣለች» አልኩ። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ራሴን ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። «ባለፈው ወር ሰሌዳ ላይ ተሳስቼ ክፍሉ ፊት አረመችኝ። ተቆጥቼ አስቀመጥኳት። ቤቴ ገብቼ ስሠራው ልክ እሷ ነበረች።»

«ነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

ኦቦ በቅሎዋን ሳቡ። በገዛ ምላሴ ነገሩን አበላሸሁት አልኩ በልቤ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ወደ ምሥራቅ የገፈርሳ ውኃ ሲያብለጨልጭ፣ ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ ባሕር ዛፏ ውስጥ ተሸሽጋ ታየችን። በሌላ ቀን ቢሆን ሰፈሬን እፈልግ ነበር። ያን ዕለት ግን ዓይኔ ከታች በምትታየው የእህትየው ጎጆ ላይ ቀረ።

እህትየው ቀጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ወፍራም የሆነ ሴትዮ ነበሩ። እርጎ ሰጡኝና ከወንድማቸው ጋር በኦሮምኛ ገጠሙ። እኔ ያኔ ከሰላምታ በላይ አልሰማም፤ ጆሮዬን ቀስሬ የለየሁት ባርሲሳ እና ጋንጌ የሚሉትን ቃላት ብቻ ነው። ጋንጌ በቅሎ ነው። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ተቆጡ፣ አንድ ጊዜ ጭናቸውን መቱ፣ በመጨረሻ ሁለቱም እኔን አይተው ሳቁ። ከዚያ በአማርኛ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ነህ ወንድሜን በእግሩ ያመጣኸው?»

«እሳቸው ተቀመጥ ብለውኝ ነው።»

«ታዲያ ምን ይበልህ! ተቀመጥ ሲልህ እኮ አንተ ደግሞ በሞቴ እርስዎ ይቀመጡ ትለዋለህ፤ እሱ አይሆንም ይላል፤ አንተ ትለምነዋለህ፤ እሱ ይወጣል። ሽማግሌ በቅሎው ላይ የሚወጣው እንዲህ ነው። ወጣት ሆነህ እሺ ትላለህ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባርኔጣዬን አንስቼ ሰላም ያልኳቸው ሴቶች አንድ በአንድ ፊቴ ላይ መጡ። አንዲት ልጅ ትማር ብዬ ሄጄ አባቷን ተራራ ለተራራ በእግር አስኳተንኩ! ቁርጡ ምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ልሄድ ተነሳሁ።

ስንመለስ ኦቦ በቅሎዋን አዞሩልኝ። «ያቢ።»

«በሞቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ!» አልኩ በኃይል። «እኔ ደህና ነኝ፤ ምንም አላመመኝም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ኦቦ የካልሲዬን ተረከዝ አዩ። ደም ነበረው።

«ጠዋት እግሬን ገደለኝ አልከኝ» አሉ በቀስታ። «አሁን ምንም የለኝም አልክ። ስለ ልጄ የነገረኝ የትኛው ነው፣ የጠዋቱ ሰውዬ ወይስ ይኼ?»

«የጠዋቱ» አልኩ።

«እንግዲያው የጠዋቱ ሰውዬ ይውጣ።»

ወጣሁ። አናቱን አልፈን ወደ ሰበታ ማዘቅዘቅ ጀመርን። ከዚያ ኦቦ ወደ ኋላ ሳያዩ መናገር ጀመሩ።

«በዚህች በቅሎ ዳኛም፣ ቄስም፣ ነጋዴም ተቀመጥ ብያለሁ። እሺ ያለኝ አንተ ብቻ ነህ። ሰው ሁሉ ደህና ነኝ ይለኛል፣ ልጅህ ጎበዝ ናት ይለኛል፤ ከልቡ ይሁን ከአፉ በምን ልወቀው? አንተን ግን አወቅኩህ። ለእህቴ ልጄ ትማራለች አልኳት። ሰኞ ትመጣለች።»

ከበቅሎዋ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ የበቅሎዋን አንገት አቀፍኩ፤ እሷም ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች። ኦቦ ሳቁ፤ ትንሽ ሄድ ብለውም አንድ ወይራ ሥር ቆመው «ኤጀርሳ» አሉኝ። ቅዳሜ ገበያ እየተበተነ በነበረበት ሰዓት፣ አገሩ ሁሉ እያየን፣ እኔ ኮርቻ ላይ እሳቸው ልጓም ይዘው ሰበታ ገባን። አሁንም ሳስበው ፊቴ ፍም ይመስላል።

ሰኞ ልጅቷ መጣች። ክፍል ሳይጀመር ጠራኋትና «ያን ዕለት ሒሳቡን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

ስለ አባቷ ስጠይቃት ግን አንገቷን ደፋች። ከቅዳሜ ጀምሮ ተኝተዋል አለች፤ ጉልበታቸው ነው። ከክረምት ወዲህ ካለ በቅሎ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አይሄዱም ነበር።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ አብሬያት ሄድኩ። በነጠላ ጫማ ነበር የሄድኩት። ኦቦ መደቡ ላይ ተጋድመው ነበር፤ ጉልበታቸው ዳቦ አክሏል፣ በቅቤ ታሽቷል። ሳየው ጋቲራው፣ ሄጦው፣ ኤጀርሳው ሁሉ ምን እንደነበሩ ገባኝ። ዛፍ ሊያስተምሩኝ አልነበረም የሚቆሙት። ዓይኔ እንባ ሞላ።

«ኦቦ፣ እንዲህ የሚያምዎ ከሆነ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅከኝ?» አሉኝ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። «ቀኑን ሙሉ ስለ እግርህ አወራን። ጉልበትዎ እንዴት ነው ብትለኝ ኖሮ ያመኛል እልህ ነበር።»

ልጅቷ የቅቤውን ዕቃ ይዛ አጠገቤ ቆማ፣ ሰሌዳው ላይ የተሳሳትኩ ዕለት ባየችኝ ዓይን ታየኝ ነበር። አሁን ግን አልተቆጣሁም፤ ዕቃውን ተቀብያት ኦቦ እግር ሥር ተቀመጥኩ።